ከቦሩ ሜዳ እስከ ቃሉ፦ የወሎ ጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ፣ ጥቅምት 8 — ኮምቦልቻና ደሴ

ከባሕር ዳር በደብረ ታቦርና በወልድያ አድርጎ ደሴ መግባት ድሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ መንገድ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ያማከርነው ሰው ሁሉ በሰማይ ሂዱ ስላለን በአዲስ አበባ ዞረን ኮምቦልቻ አረፍን። አቋርጦ መሄድ ሲቻል ግማሽ አገር መዞር ኪስንም ልብንም ያደክማል።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አንድ የኮንትራት ታክሲ ሹፌር ደሴ ለማድረስ ሁለት ሺህ ብር ጠየቀን። ታናሽ ወንድሜ ለመስማማት አፉን ሲከፍት ክንዱን ይዤ ወደ መናኸሪያ ጎተትኩት። በሚኒባስ ሁለታችን ተሳፍረን፣ ለሻንጣም ተጨምሮብን፣ ሁለት መቶ ብር እንኳ አልሞላም።

መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ሰው ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ላባችንን እየጠረግን ተሳፈርን። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንጀምር መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ደሴ ስንወርድ ጋቢዬን ከሻንጣ አውጥቼ ነበር። የጣና ዳር ሰው ለጦሳ ተራራ ነፋስ አልተፈጠረም።

አክስቴ ደሴ ተድራ ከመጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ አነጋገሯም ወሎዬ ሆኗል። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና የምስር ወጥ አቀረበችልን፤ ገና ሳንጠግብ «ምን ልታዩ ነው የመጣችሁት?» ብላ ጠየቀች። ወንድሜ «ገዳማትና መስጊዶች» አለ። እኔ ግን የመጣሁት ሌላ ነገር ለማየት ነው። ባሕር ዳር ያደገች ሴት ዳጋ እስጢፋኖስን የምታውቀው ከጀልባው ነው፤ ወደ ውስጥ አትገባም። ወንዶቹ ሥዕሉንና የነገሥታቱን አስከሬን አይተው እስኪመለሱ ድረስ እኔ ሁልጊዜ የማየው እንግዳ ማረፊያውን፣ ማድ ቤቱን፣ እንጨት የተከመረበትን ጥግ ነበር። ቀስ በቀስ ዓይኔ እዚያው ቀረ። መቅደሱን የሚጽፍለት ሰው ሞልቷል። መንገደኛ የሚያድርበትን፣ ሕመምተኛ የሚታከምበትን፣ ድሃ የሚበላበትን ቤት የሚጽፍለት ግን የለም፤ ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይፈርሳል። ወሎ በእነዚህ ቤቶች ሀብታም ናት ሲባል ስለሰማሁ ነው የመጣሁት።

አክስቴ ሰምታኝ «እንግዲያው ሐጂን እንጥራ» አለች። ሐጂ ጎረቤቷ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለው የቃሉ አገር ሰው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የአሮጌ ቶዮታ ፒክ አፕ ባለቤት። ቡናው ሳይፈላ መጡ። ለሁለት ቀን የነዳጅ ብቻ እንደሚቀበሉ፣ ከዚያ በላይ ከተነሣ ግን እንደሚቀየሙ ነገሩን። ነዳጁ ሦስት ሺህ ብር ሆነ፤ ግማሹ ከጥቁር ገበያ የተገዛ ነው፣ ምክንያቱም ማደያው ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ማግስቱ የሚያልቅ አይመስልም ነበር።

ማታ ወንድሜና እኔ አይጠየፍ የሚባለውን የድሮ የግብር አዳራሽ ለማየት ወጣን። ተዘግቷል። ዘበኛው ሰኞ ተመለሱ አለን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 — ቦሩ ሜዳ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው ኮረብታ ከወጡ በኋላ ድንገት ሰማይ ይሰፋል፦ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ በመካከሉ ከብት የሚጠብቁ ልጆች። ጠዋቱ ስለሚቀዘቅዝ ልጆቹ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል።

በዚህ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ስለ ክርስቶስ ልደትና ባሕርይ የተነሣው የሃይማኖት ክርክር ተካሂዷል። የሁለት ልደት ወገን ረታ፤ ሦስት ልደት የሚሉት ተረቱ። እኛ ጎጃሞች ቅባት በሚባለው ሌላ ትምህርት ስማችን የሚነሣ ስለሆነ ወንድሜ «እዚህ ቦታ ላይ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አለብን» ብሎ አክስቴን አሳቃት። ቦሩ ሥላሴ በኋላ የመምህር አካለ ወልድ ወንበር ሆኖ ከየአገሩ ተማሪ የሚጎርፍበት ደብር ነበር፤ ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰይሞላቸዋል። ተሳልመን፣ ጠበል ጠጥተን ወጣን።

ሐጂ ከመኪናው አልወረዱም ነበር። ስንመለስ ግን እርሳቸውም ታሪኩን በራሳቸው በኩል ነገሩን። ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ፤ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ያልተቀበለው ወደ ቆላ ወረደ፣ ተሰደደ፣ እንደ ሼኽ ጠልሃ ያለው ደግሞ ጦር አነሣ። ሐጂ ይህን ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የሠላሳ ዓመት የታሪክ አስተማሪ ድምፅ ነው። አክስቴ በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከት ነበር። ከዚያ ሐጂ ሞተሩን አስነሡና «አሁን ደግሞ የዚህን ሜዳ ሌላውን ቤት እዩ» አሉ።

ሌላው ቤት ሆስፒታሉ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተቋቋመው በሚሲዮናውያን እጅ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ዛሬ ጠቅላላ ሆስፒታል ሆኗል፤ ዓይን የሚያሳክም ሰው ከሩቅ ይመጣበታል። እኛ ሕመምተኛ የለንምና ከግቢው በር ብዙ አልራቅንም። አላስፈለገንምም፤ የምፈልገው በር ላይ ነበር። አስታማሚዎች በሦስት ጉልቻ ሽሮ ጥደዋል፤ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ እንጀራ ታጥፋለች፤ ከጎኗ ያሉት ሰዎች አገራቸው ዋድላ ነው፣ እርሷ ግን ከወረኢሉ ናት፤ ድስቱ የጋራ ነው።

እንቁላል የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ድንጋይ አሳዩኝና ተቀመጥኩ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አጥረዋል። በልጅነታቸው ከቤት ሲባረሩ በእግራቸው እዚህ እንደደረሱ፣ ታክመው ቢድኑም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ አግብተው እዚሁ አካባቢ እንደቀሩ አጫወቱኝ። «እዚያ ብሄድ ሰው እጄን ያያል፤ እዚህ ማን ያየዋል?» አሉኝ። በእርሳቸው ልጅነት መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነበር። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት የተጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ሰው በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ታክሞ ይጨርሳል፣ መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥም ለሌላ አያስተላልፍም። ይህን ሁሉ ሽማግሌው ከማንም ነርስ በተሻለ አስረዱኝ።

አንድ ሜዳ ላይ ሰው ሃይማኖቱን ለውጥ የተባለበት ቦታና ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ቁስሉ የታጠበበት ቦታ በዓይን የሚተያዩ ናቸው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው ግን በር ላይ ካለው ቦርድ ሌላ ያነበብኩት የለም። ሃያ እንቁላል ገዛሁ፤ አንዱን አሥራ አምስት ብር፣ ከደሴ ገበያ ይረክሳል።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በፊትና በኋላ — ሐይቅ

ከቦሩ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ገብሱ አልቆ ጤፍና ማሽላ ተተካ፤ ጋቢው ተመልሶ ወደ ሻንጣ ገባ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህም አልፏል፤ ሰዉ ስለ እሱ ሲያወራ ዘመን አይጠራም፣ «ያን ጊዜ» ብሎ ያልፈዋል።

ምሳ ዓሣ ነው፣ ሌላ ማዘዝ ነውር ይመስላል። አንድ ሰሃን ጥብስ ሦስት መቶ ብር ነበር፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተቆራርጦ ሳይሆን ሙሉውን፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ በዳጣ ይቀርባል። ከጣናው ያንሳል፤ ጣዕሙ ግን፣ ባሕር ዳሮች ይቅር ይበሉኝ፣ ይበልጣል። ወንድሜ በዚህ አልተስማማም፤ አልተስማማም እንጂ የእኔንም ዓሣ ራስ በልቶ ጨረሰ። ሐጂ አስተናጋጁን ዓሣው ዛሬ የወጣ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስምለውታል።

ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው፤ በባጃጅ ሄድን፣ ሐጂ ለሶላት ቀሩ። ውሃው ጠባብ ቢመስልም ጥልቅ ነው፤ ከሰማንያ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ መውጫ ወንዝም የለው። ጣና በስፋቱ ይህንን ደጋግሞ ቢውጠውም በጥልቀት አይደርስበትም። ገዳሙ ወደ ውሃው ገብቶ በተዘረጋው ምድር ጫፍ ላይ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ትውፊቱ እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሰዋል። በታሪክ ጎልቶ የወጣው ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ገዳሙን ካቀኑ በኋላ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። የእኛን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክም ከዚሁ የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ለእኔ እዚህ መምጣት ያደግኩበትን ገዳም እናት ቤት ማየት ነው። በ1262 ዓ.ም. የነገሡት ይኩኖ አምላክም እዚሁ ተምረዋል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሐይቅ አበምኔት አቃቤ ሰዓት ተብሎ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚሰማ ሰው ሆነ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያስጻፉት የአራቱ ወንጌል ብራና የራሳቸው ሥዕል ያለበት ሲሆን፣ ዘመናቸው ከታወቀ የአገራችን ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከንባብ ነው፤ ምክንያቱም እናት ቤቱም እንደ ልጁ ሴት አያስገባም። በሩ ላይ አክስቴና እኔ ቀረን፣ ወንድሜ ገባ።

ከበሩ ወዲህ ያለው ሥራ ደርቶ ነበር። የእስጢፋኖስ ክብረ በዓል ጥቅምት 17 ስለሆነ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሴቶች ጌሾና ብቅል በአህያ አምጥተው ያራግፋሉ፣ አንዲት መነኩሲት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያመጣውን ሰው ስም በቃል ይይዛሉ። እህል፣ በርበሬ፣ እንጨት፣ ሁሉም በእነዚህ እጆች በሩ ድረስ ይመጣና ከዚያ ወንዶች ይረከቡታል። ጠላው በሴት ይጠመቃል፣ በወንድ ይቀዳል። መነኩሲቷን ይህ አያስከፋዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ረዘም ያለ ነበር፤ ዋናው ይህ ነው፦ ሐዋርያት እስጢፋኖስን የሾሙት ለማስተማር ሳይሆን ለማዕድ ነው። መበለቶች በዕለት ምግባቸው ተበድለናል ብለው ሲያጉረመርሙ ማዕዱን በትክክል የሚያከፋፍል ሰው ስለጠፋ ነው ከሰባቱ ጋር የተመረጠው። ጥቅምት 17 የምናከብረውም ያንን ሹመቱን ነው። «እንግዲህ የእርሱ ቤት የትኛው ነው? ያ ነው ወይስ ይሄ?» ብለው አንድ እጃቸውን ወደ ገዳሙ፣ ሌላውን ወደ ጌሾው ዘረጉ።

ይህን መልስ ለማግኘት ብቻ ከባሕር ዳር እመጣ ነበር።

ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ አወራችን። ድሮ ይህ ሁሉ ደረቅ ምድር ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ አገሩን ውሃ አደረገው፣ ልዕልቷም ከነወዳጅ ዘመዷ ሰጠመች። የተረፈው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው፤ ገዳሙ ያለው በዚያ ላይ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ወደ በሩ፣ ወደ ውሃው፣ መልሳ ወደ በሩ ተመለከተች። «ታዲያ ሴትየዋ አሁን ብትመጣ አታስገቧትም ማለት ነው?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። መነኩሲቷ አልሳቁም፤ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ፣ ቢሆንም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ነበር።

ወንድሜ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። እንዴት ነበር ስንለው «ያምራል» አለ። ወንዶችን ብቻ የሚያስገባ ቤት ቢያንስ መናገር የሚችሉትን ቢመርጥ ምን ነበረበት? በብዙ ጥያቄ ያወጣሁት ይህን ነው፦ ብራናዎችና መስቀሎች አሳይተውታል፣ ወንጌሉን ግን ለማንም እንደማያወጡት ነግረውታል፤ ጥላው ደስ ይላል፤ ወፍ ይበዛል፤ አንድ አባት ዳቤና ጠላ ሰጥተውታል። በመጨረሻ እግሩን አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያወለቀውን ጥቁር ቆዳ ጫማ አንድ ሰው ተሳስቶ አድርጎት ሄዷል፤ ወንድሜ ደግሞ ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ ወጥቷል፣ ያውም በሁለት ቁጥር የሚያንስ። አክስቴ ጫማውን ያገኘው ሰው ለበዓሉ እንደሚመለስ አጽናናችው። ሐጂ ሲያዩት ግን ሳቁን አልቻሉትም፤ እስከ ደሴ ድረስ በየጥምዝምዙ ያገረሽባቸው ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 10 — ቃሉ

ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን በሦስት ሰዓት ተነሣን። ኮምቦልቻን አልፈን ከአስፋልቱ ስንወጣ ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል፤ በየእርሻው መካከል ማማ ቆሟል፣ ልጆች ከላዩ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ድምፃቸው ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይቀባበላል። ሐጂ በልጅነታቸው ማማ ላይ ቁርኣን ይቀሩ እንደነበር፣ አንድ ምዕራፍ እስኪያልቅ ወፉ ግማሽ መደብ ይጨርስ እንደነበር አጫወቱን።

የምንሄደው ጌታ ወደሚባለው ቦታ ነው። ሼኽ ቡሽራ ያቀኑት የእውቀትና የዱዓ ቦታ ነው፤ እርሳቸው ያረፉት በ1850ዎቹ ዓ.ም. ነው፣ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ይጎርፋል። ወሎ እንዲህ ባሉ ቦታዎች የታወቀች ናት፦ መውሊድን በማክበር ስሙ የገነነው የሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥ አለ፣ በየጁ ዳና አለ፣ ወደ ከሚሴ በኩል የሼኽ ጀውሃር ሾንኬ አለ። ሐጂ እንደሚሉት አንድ ቦታ የሚከበረው በመስጊዱ ስፋት አይደለም፤ ስንት ደረሳ፣ ማለት የሃይማኖት ተማሪ፣ እንዳስተማረና ስንት እንግዳ እንዳበላ ይቆጠራል።

መኪናው አንድ ጅረት ላይ ቆመ። ክረምቱ መሻገሪያውን ሸርሽሮታል፤ ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ፣ የፊት ጎማዎቹ ወጡ፣ የኋላዎቹ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ወንድሜ ሊገፋ ሲወርድ አንዱ ኮንጎ ጫማ እዚያው ጭቃ ውስጥ ጠፋ። ድንጋይ ብናነጥፍ፣ ቅጠል ብንጎዘጉዝ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ሊያመጣ ሄደ፣ ሚስቱ ደግሞ «በሬዎቹ ሩቅ ናቸው፤ እስኪመጡ ቤት ግቡ» አለችን።

ቤቱ ክብ ጎጆ ነው፤ ወለሉ የተለቀለቀ፣ መደቡ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈ። ስንቀመጥ ባለቤቲቱ አንገታችን ላይ ያለውን ማተብ አየች። ምንም ሳትናገር ወጥታ አንድ ቀይ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥላ ተመለሰችና ለወንድሜ ሰጠችው። እርሱ ራሱ ባርኮ እንዲያርደው ነው፤ በወሎ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላምና ክርስቲያን እንግዳ ከመጣ ቢላውን ለእንግዳው መስጠት የቤቱ ወግ ነው። ድስቱንም ሰሃኑንም ለይታ እንዳስቀመጠች በኋላ አየሁ፦ ጥግ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ለእንዲህ ያለ ቀን። አስቡት፤ ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ ከድሃ ቤት ተለይቶ የሚቀመጥ ድስት።

ወንድሜ ዶሮ አርዶ አያውቅም። በአንድ እግሩ ኮንጎ፣ በሌላው ጭቃ፣ በእጁ የሚንፈራገጥ ዶሮ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱን ያየ ሁሉ ዶሮውን ረስቶ ለእርሱ አዘነ። አክስቴ ከቦሩ ሜዳ የገዛሁትን እንቁላል ከመኪናው አስመጥታ ነገሩን ፈታችው፤ ዶሮው ተለቀቀ፣ እንቁላል ተጠበሰ፣ የማሽላ እንጀራ ቀረበ፣ ሁላችንም፣ ሐጂም ባለቤቲቱም፣ ከአንድ ገበታ በላን። ቡናው ጨው አለበት። አልለመድኩትም፤ እስከ በረካ ድረስ ግን ጠጣሁ። እንሂድ ስንል ገንዘብ ለመስጠት ስሞክር ሐጂ በዓይናቸው አስቆሙኝ፤ ለልጆቹ ደብተር መግዣ ብላ አክስቴ በብልሃት ሰጠችልኝ።

በሬዎቹ መጥተው መኪናውን አወጡት፤ ሐጂ ግን ከዚያ ወዲያ በእግር እንሂድ አሉ። ሽቅብ ነው። ወንድሜ ከገበሬው የተበደረውን ሸበጥ አድርጎ ከኋላ ይከተላል።

ጌታ ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ወንዶቹ ወደ ዋናው በኩል ሄዱ፣ እኛን አንዲት አሮጊት ወደ ሴቶቹ ማረፊያ ወሰዱን፤ እንደገና ከውጭ ነኝ ማለት ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ማድ ቤቱ እዚያው ነበር። ጥላሸት የለበሱ ድስቶች፣ ሁለት ሰው የሚያነሣቸው፣ አፋቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። በመውሊድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጣዳሉ፤ ያኔ ሰንጋው በየመንደሩ በስለት የመጣ ነው። በአዘቦት ቀን የሚጣደው ለደረሶች የሚበቃው ብቻ ነው። ደረሶቹ ከሩቅ የመጡ ልጆች ናቸው፤ መንደሩ ይመግባቸዋል፣ እነርሱም በእርሻ ጊዜ መንደሩን ያግዛሉ። የእኛ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲለምን ውሻ ይነክሰዋል። እዚህ ውሻ አላየሁም፤ ራቡ ግን አንድ ነው፣ ከደረሶቹ አንዱ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነበር።

አሮጊቷ መረቁን፤ ምርቃቱ በአማርኛ ነው፣ ቤት እየመታ፦ ክፉውን ያርቅ፣ ደጉን ያቅርብ፣ መንገዱን ያስተካክል፣ ልጁን ጫማ ይስጠው። በመጨረሻው «አሚን» ስንል ሳቃችንን አልቻልንም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ተራራውን ወጥቷል።

አንድ ያላማረኝን ልናገር። እዚህም እንደ ብዙ ቦታችን አሮጌውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት መገንባት እንደ ጽድቅ ይቆጠራል። ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ገንዘብ የሚልክ ነጋዴ አይጠፋም፤ ሲሚንቶው ይመጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ የሰጪው ስም ይጻፋል። ለማድ ቤት ጣራ የሚልክ ግን ብርቅ ነው። ሴቶቹ የሚያበስሉበት ቤት ክዳኑ ሦስት ቦታ ያፈሳል።

ሲመሽ ወረድን። ደሴ የገባነው በሦስት ሰዓት ሌሊት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 — ደሴ

ሰኞ ገበያ ስለሆነ መጀመሪያ ለወንድሜ ጫማ ገዛን፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ተብሎ በስምንት መቶ ተስማማ። ከዚያ አይጠየፍ ሄድን፤ ዘበኛው ቃሉን ጠብቆ ከፈተልን።

ንጉሥ ሚካኤል፣ ያ ቦሩ ሜዳ ላይ የተጠመቁት ሰው፣ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። በእንጨት ምሰሶዎች የተከፈለ ሰፊ ቤት ሲሆን፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ከመጠን በላይ ይሰፋል። እዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ባለ ማዕረጉም ተራውም ገብቶ ይበላ ነበር ይባላል። አክስቴ «ከሁሉም ይህ ይበልጣል፤ አንድ ጣራ ሥር ሁሉን ማስቀመጥ» አለች። ወንድሜም በእርሷ ወገን ነው።

እኔ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ግብር ምጽዋት አይደለም። ንጉሥ የሚያበላው ነገ የሚዘምትለትን ነው። የሐይቋ መነኩሲት ማን ጌሾ እንዳመጣ እንጂ ማን እንደሚጠጣ አይመዘግቡም፤ የቃሏ ገበሬ ሚስት እኛን ዳግመኛ አታየንም። የአዳራሹ እንግዶች ግን ዕዳቸውን ከፍለዋል። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ነገሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ዙፋን ሰገሌ ላይ ገጠሙ፣ ድል ተነሥተው ተማረኩ። ከዚህ ቤት የበላ ስንት ሰው እዚያ ሜዳ እንደወደቀ ምሰሶዎቹ አይናገሩም። አክስቴ ይህን ስነግራት «ቢሆንም በልተው ነው የሞቱት» አለች፣ እንደ ዳኛም ነገሩን ዘጋችው።

ለዘበኛው መቶ ብር ሰጥተን ወጣን። በረራው ስምንት ሰዓት ስለነበር ከግብር አዳራሽ ወጥተን ምሳ ሳንበላ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።